ለፍየል ያልተሰጠው ፖስተር

ሐሙስ፣ ጠዋት 2 ሰዓት
ሻይ በአንድ እጄ፣ እስክሪብቶ በአንድ እጄ። የመጽሔቱ ዓምድ ገና አልተጻፈም፤ አንቺን ግን እንዴት ልዝለልሽ፣ ደብተሬ! ስሚ፦ ቅዳሜ የአሶሳ ሙዚየም ይከፈታል። አንድ አዳራሽ ናት፤ ክልሉስ ራሱ ገና አራስ አይደል? ከአ.አ. ሙዚየም በውሰት የመጡት የእኔው ፈረንሳዊ ፖስተሮች ናቸው። ያ እግረ አጭሩ፣ የጭፈራ ቤት ማስታወቂያ እየሣለ የፓሪስን ሰው መንገድ ላይ ያስቆመው። እሱ የሣለውን ባለጥቁር ባርኔጣ፣ ባለቀይ ሻርፕ ሰውዬ ከተማሪነቴ ጀምሮ የማውቀው በፖስትካርድ ነው። ቅጂም ቢሆን በትልቁ ላየው ነው!
ሐሚድ፣ የባህል ቢሮው ባለሙያ፣ የበርታ ልጅ፣ የመክፈቻውን ማስታወቂያ ራሱ ሥሏል፦ ዋዛ ነፊዎች፣ ዋዛ የሚባለውን ረጅም የቅል መለከታቸውን ይዘው። ግሩም ነው ስለው ተሽኮረመመ። ለገበያ ግድግዳ ነው እኮ አለኝ።

ዓርብ፣ ከሰዓት
ጉድ በይ! ገበያ ሰው ተሰብስቧል። ግድግዳው ላይ ማን አለ? የእኔ ሰውዬ፣ በዱቄት ማጣበቂያ! ጨው ሻጯ ሐሊማ ለምርጫ የቀረበ መስሏት "ምልክቱ ምንድን ነው? ሻርፑ?" ትላለች። አንዱ፣ እንዲህ የተኮፈሰ አልመርጥም አለ። ሣቅ አፈነኝ። ወዲያው ሐሚድ ትዝ አለኝ፤ እዚህ መለጠፍ የነበረበት የእሱ ሥዕል ነው። ሮጥኩ።
አዳራሹ ውስጥ ራሱን ይዞ ተቀምጧል። በባለባርኔጣው ቦታ፣ መስታወት ውስጥ፣ የእሱ ዋዛ ነፊዎች! አለዋውጠው የሰቀሉት የቢሮው ተላላኪ አቶ በሽር ናቸው። ተሳስተው? ኧረ ወዲያ! ስጠይቃቸው፦
"ገበያ ፍየል አለ። ዱቄት ከሸተተው ወረቀት ይበላል። ዋዛ ለፍየል ይሰጣል እንዴ?"
ነገ የአ.አ. ሙዚየም ኃላፊዋ ትመጣለች። ሐሚድ ከሥራ እባረራለሁ ብሎ የራሱን ሊያወርድ ነው። እንዳታወርድ ብዬ ለመንኩት።

ቅዳሜ፣ ቀትር
አላወረደም!!
ኃላፊዋ አንዱን አለፈች፣ ሌላውን አለፈች፤ ዋዛው ጋ ቆመች። ቆየች። ሐሚድ ሁሉንም አፈረጠው፣ ገበያውንም ፍየሉንም። እሷም፣ ፈረንሳዊውም የሠራው ለመንገድ ግድግዳ ነበር አለች፤ ስለ ቅጂው ግን ማብራሪያ ትጽፋላችሁ። ቀጥላም ይህን ማን ሣለው ብላ ጠየቀች። አቶ በሽር ከበሩ፦ "የኛ ልጅ ነዋ!"
ደረቴ ሊፈነዳ! የወለድኩት መሰለኝ። ወስኛለሁ፦ ዓምዴ በሐሚድ ይጀምራል፣ ፈረንሳዊው ይጠብቅ። ባለባርኔጣውንም እስካሁን በቅጡ አላየሁትም። ሐሊማ ልካብኛለች፤ ፍየሏ ባርኔጣውን ጨርሳ ሻርፑን ጀምራለች አሉ። ሳላየው እንዳትጨርሰው፣ ልሩጥ!