በፈረንጅ ገና ማግስት ያልተከፈተው ሱቃችን

ደረጄ ሆዴ፣

ባለህበት ሰላሙን ያብዛልህ። ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ወዲህ ድምፅህን ሳልሰማ በጋው አለፈ፣ ቅጠሉ ረገፈ፣ ይኸው የገና ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ጥቁሬን አላወለቅኩም። ሰው በቃሽ አውልቂው ይለኛል፤ እኔ ግን ሙት ዓመትህ ሳይወጣ አልቸኩልም።

ቤቱ እንደነበረ ነው ብልህ አታምነኝም። ስትሰድበው የኖርከው የወጥ ቤት ቧንቧ በመጨረሻ ተቀየረ። ጠብ ጠብ ማለቱን ሲተው ጸጥታው ለእኔ እንግዳ ሆነብኝ። ሜሮናችን እሑድ እሑድ ከምትኖርበት ከበርክ እየነዳች እዚህ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ድረስ ትመጣለች። ጫማዋን ሳታወልቅ ፍሪጁን ከፍታ ትመረምራለች፤ በልቻለሁ ብላት አትቀበለኝም። ጃኬቶችህን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁ፤ ቡናማውን ካፖርት ብቻ አስቀረሁ።

መቼም ያን ካፖርት አልረሳኸውም። አሜሪካ በገባን በመጀመሪያው ዓመት፣ በፈረንጅ ገና ማግስት ዕቃው ሁሉ በግማሽ ዋጋ ነው ሲሉን፣ ጎህ ሳይቀድ ሄደን የገበያ ማዕከሉ በር ላይ ተሰለፍን። በሩ ሲከፈት ሰው እንደ ጎርፍ ገባ። አንዲት ሴትዮ ደረትህን በክርኗ ብላህ አለፈች፤ አንተ ግን ካፖርቱን ታቅፈህ ወጣህ። ቤት ስንደርስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥክና ቀዩን የቅናሽ ወረቀት በጥፍርህ ላጥከው። ከሥሩ ሌላ ወረቀት ነበር። እሱንም ላጥከው። ከሁሉ በታች የተጻፈው ዋጋ አንተ ከከፈልከው የማይበልጥ ሆነ። ሊናደድ ነው ብዬ ስፈራ እንባህ እስኪመጣ ሳቅክ። ከዚያ ወዲህ በገባህበት ሱቅ ሁሉ ወረቀት መላጥ ሥራህ ሆነ። ሜሮን "ዳዲ፣ ፕሊስ" እያለች ወደ ሌላ መደርደሪያ ትሸሻለች፤ አንተ ከኋላዋ "ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር" ትላታለህ።

እንግዲህ መጠርጠርን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ዛሬ የምጠረጥረው አንተን ሲሆን አትቀየመኝ።

ነገሩ የጀመረው ከጓደኛህ ከመላኩ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን የልብስ ሱቅ ሁለታችሁ ስትከፍቱ የተከፋፈልነው ሥራ አንተ ከሄድክም በኋላ አልተለወጠም ነበር፤ እሱ ደንበኛውን ያጫውታል፣ እኔ ቀሚሱን እለካለሁ፣ የረዘመውን አሳጥራለሁ። የጎደለው አንተ ብቻ ነህ። ኅዳር ላይ መላኩ ዘንድሮ በፈረንጅ ገና ማግስት በጠዋት እንከፍታለን፣ ልብሱን ሁሉ በግማሽ ዋጋ እንሸጣለን አለኝ። ሌላው ሱቅ ሁሉ የሚያደርገው ነው፣ በዚያ ቀን ሰው ሥራ የለውም፣ ቅናሽ ካየ ያልፈለገውንም ይገዛል አለ። አማከረኝ እንዳልል፣ በር ላይ የሚሰቀለውን ትልቁን ጨርቅ አሳትሞ ጨርሶ ነበር።

መጀመሪያ ያሰብኩት የሱቃችንን ሠራተኛ ሮሳን ነው። አንተ ራስህ የሠራኸውን ሥርዓት ታውቀዋለህ። በእነሱ ገናና በማግስቱ ሮሳ ዊተን ባለው ቤቷ ከልጆቿ ጋር ትውላለች፤ እኛ ጾም ላይ ስለሆንን ሱቁን እንይዛለን። በእኛ ገናና በማግስቱ ደግሞ እሷ ትይዝልናለች። ነጠላ የረሳ ሰው እየሮጠ ሲመጣ በዚያ በስፓኒሽ አንደበቷ እንኳን አደረሳችሁ ስትል፣ አሮጊቶቹ ስቀው ጉንጯን ስመዋት ይሄዳሉ። አንተ በበዓል ማግስት ሰው ቤቱ ይዋል፣ ሱቅ የሚከፍተው በዓሉ ያልሆነ ሰው ነው ትል ነበር። መላኩ ግን በዚያ ቀን ሮሳም ትግባ አለ። እሺ አለችው። እናቷ ገና ከኤል ሳልቫዶር መምጣቷ ነበር። እሺ ካለች በኋላ አንዱን ጋቢ ስታጥፍና ስትፈታ፣ መልሳ ስታጥፍ አየኋት።

ቀጥሎ ሌላ ነገር ከነከነኝ። ከበዓል የተረፈ ዕቃ ማራገፍ የፈረንጅ ሱቅ ጭንቀት ነው፤ የእነሱ በዓል አልፏል። የእነሱ ገና ማግስት ግን ለእኛ ገና የገበያው መባቻ ነው። የእኛ ሰው ቀሚስ የሚገዛው ያኔ ነው። ከገና ቀጥሎ ደግሞ ጥምቀት አለ፤ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ እየተባለ ነው ያደግነው። በዚያ ሰሞን ዋጋ የሚጥል የሀበሻ ልብስ ነጋዴ የት ይገኛል? ዕቃውን ያኔ የሚጨርስ ሰው፣ ከጥምቀት በኋላ በንግዱ ለመቆየት ያላሰበ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ መላኩን በዓይኔ እከተለው ጀመር። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ ነጠላ ልይ ብሎ ገባና ነጠላውን ሳይሆን ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ሲያይ ቆየ። መላኩ ተከትሎት ወጣ። ፓርኪንጉ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ረጅም ጊዜ አወሩ። ማነው ስለው የድሮ ጓደኛዬ ነው አለኝ፤ የጓደኛውን ስም ግን አልጠራልኝም። ሌላም አለ። በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ከሽሮ ሜዳ ጥበብ ይላክልን አልነበር? ዘንድሮ አንድም ሻንጣ አልመጣም።

ለሜሮን ነገርኳት። በእንግሊዝኛ ብዙ አወራች፤ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው፣ ማርኬቲንግ ነው፣ ሐዘን ላይ ስለሆንሽ ሁሉም ነገር ክፉ ይመስልሻል ነው ነገሩ። መጨረሻ ላይ በአማርኛ "እማዬ፣ አባዬን ሆነሻል" አለችኝ።

ልቤ ስላላረፈ ሽሮ ሜዳ ጥበቡን የምትልክልን ወይዘሮ ጥሩነሽ ጋ ደወልኩ። ዕቃው ለምን እንደዘገየ ልጠይቃት ነበር። እቴ፣ መላኩ ከእንግዲህ አትላኪ ብሎኝ የለም ወይ፣ አንቺ ሳታውቂ ነው እንዴ አለችኝ። የማውቅ መስዬ ስልኩን ዘጋሁ።

በማግስቱ መላኩን ሱቁ ጓዳ ውስጥ አገኘሁት። የጋቢ እስር ላይ ተቀምጦ ነበር። ጥሩነሽን አነጋግሬያታለሁ አልኩት። ሊክድ አልሞከረም። የኪራዩ ውል ጥር ላይ ያልቃል፣ አይታደስም፣ ቤቱን ያ ሰውዬ ይይዘዋል አለ። ለምን አልነገርከኝም አልኩት። በሐዘንሽ ላይ ሐዘን እንዳልጨምር ሙት ዓመቱ እስኪወጣ ብዬ ነው አለኝ። ሙት ዓመትህ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ውሉ የሚያልቀው ጥር ነው። ታዲያ ባዶ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ልትነግረኝ ነበር ስለው አቀረቀረ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንባውንም ጠረጠርኩት፤ ያን ያህል ደርሻለሁ። ከዚያ ቀና ሳይል፣

"ደረጀ ያውቃል፣ ወይንሸት" አለኝ። "ከመታመሙ በፊት የተስማማንበት ነው።"

ከጓዳው ወጣሁና የተደረደረውን ማንጠልጠያ እንደገና መደርደር ጀመርኩ።

ደረጄ፣ እውነት ነው? መላኩ ሊዋሽብህ ይችላል፤ ሙት ተነሥቶ አይከራከረውም። አስከሬንህን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው፤ ግን የሸጠህም እሱ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ላይዋሽም ይችላል። ባለፈው ክረምት ከሥራ ስንመለስ፣ ድልድዩ ላይ መኪናው ተጨናንቆ ቆመን ሳለ፣ ወይንዬ ሱቅ ባይኖረን ምን ትሠሪ ነበር ብለህ ጠየቅከኝ። እተኛ ነበር አልኩህ። ሳቅክ፤ ሳቅህ ግን ዘገየ። ያኔ መንገዱን እያየህ መስሎኝ ነበር። የሱቁ በር አምፖል ተቃጥሎ ክረምቱን ሙሉ ጨልሞ ከረመ፤ አንተ የተበላሸ ነገር አይተህ የማታድር ሰው ዝም አልከው። ሕመሙ ጀምሮህ ይሆን? ወይስ በልብህ ሱቁን ዘግተኸው ነበር? አሁን የተናገርከውን ሁሉ እንደዚያ የዋጋ ወረቀት እየላጥኩ ከሥሩ ያለውን አያለሁ። የሚያስፈራኝ የማገኘው ነገር አይደለም። ስልጥ ስልጥ መልካሙንም አብሬ እንዳልቀድደው ነው።

አንተ ልትዘጋው አስበህም ከሆነ፣ እኔ ሳልዘጋው የእኔ አልተዘጋም። ለራሴ ይህን ከነገርኩ በኋላ ቅናሹ እንዳይሆን ወሰንኩ። ግን መላኩ ወሬውን በስልክ ለአገር ሁሉ በትኖታል። ከፍቼ በግማሽ ዋጋ ብሸጥ ለገናና ለጥምቀት የሚሆን ዕቃ አይተርፈኝም። ከፍቼ በሙሉ ዋጋ ብሸጥ፣ ካፖርት የሸጡልህን ሰዎች ሆንኩ ማለት ነው። ስለዚህ አልከፈትኩም።

ለሮሳ ቤትሽ ዋዪ ብዬ ደወልኩላት። ከሥራ አስወጣችሁኝ ወይ አለችኝ። አይደለም፣ ከእናትሽ ጋር ሁኚ አልኳት። የማልችለውን ቃል ሰጥቻት ይሆናል፤ ግን ሰጠኋት። ጠዋት ብቻዬን ሄጄ ያን ጨርቅ ከበሩ አወረድኩ፣ ቆለፍኩና ውጭ ቆምኩ። ቀዝቃዛ ነበር። ለመጣው ሰው ሁሉ በአፌ ነገርኩት፤ ቅናሽ የለም፣ በስህተት የተነገረ ነው፣ ዛሬ በሙሉ ዋጋም አንሸጥም፣ ይቅርታ አድርጉልን። አንዷ ከቨርጂኒያ ልጇን ይዛ የመጣች ሴት፣ ጠርታችሁን ትዘጋላችሁ፣ ድሮም የእኛ ሰው ብላኝ መኪናዋን አስጩኻ ሄደች። እውነቷን ነው። አንድ አዛውንት አባት ደግሞ ወረቀት ለጥፈሽ ቤትሽ አትገቢም፣ በዚህ ብርድ ምን ያቆምሻል አሉኝ። ወረቀትማ መች ይታመናል አባቴ አልኳቸው። ጥቁሬን አዩና እግዚአብሔር ያጽናሽ ብለው ሄዱ።

መላኩ ፓርኪንጉ ጥግ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ያየኝ ነበር። መስኮቱ በትንፋሹ ደብዝዟል። አልወረደም፤ እኔም አልሄድኩለትም። እሱ ከሄደ በኋላ ደወለልኝ። የተቃወምሽው ደረጀን እንጂ እኔን አይደለም አለኝ።

"እንግዲያው እሱው ይቆጣኝ" አልኩት።

ያን ካልኩ በኋላ ነው የባሰብኝ፤ ብትቆጣኝ ምን ነበረበት።

ያሳለፍነው ሳምንት ይህ ነው። መላኩ ከዕቃው ድርሻውን ይውሰድ ብያለሁ። ሰኞ የሕንፃውን ኃላፊ አነጋግራለሁ፤ ውሉ በስሜ ይዞር እንደሆነ እጠይቃለሁ። ያ ሰውዬ ቀድሞኝ ፈርሞ ከሆነ ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ፤ ካልተገኘም ቀሚስ ማሳጠር ቤት ውስጥም ይሠራል። ሜሮን ተሳስተሻል እያለችም ቢሆን አብራኝ ልትሄድ ነው። እንግሊዝኛው ላይ እሷ ትናገር፣ የሰውየውን ፊት እኔ አነባለሁ።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይላል ሰው። በሙት ዓመትህ ቀን ሁሉም ተሰብስቦ ደግነትህን ያወራል፤ እኔም አወራለሁ፣ ውሸት የለበትም። ግን እንደ ሥዕል ሰቅዬህ አልኖርም። የምትደብቀውም የምትስቀውም ባሌ አድርጌ ነው የማስብህ፤ የማኮርፍህ ቀን አለ፣ የአልጋውን ያንተን ጎን ሳልነካ ትቼልህ የማድርበትም አለ። ሰው ስለ አንተ ሲጠይቀኝ ሁለቱንም እነግረዋለሁ።

የተገናኘን ለት ከሰላምታ በፊት የምጠይቅህን አሁን ታውቀዋለህ። መልስህን አዘጋጅተህ ጠብቀኝ።

ያንተው ወይንሸት