የሩዝ መውቂያው መመሪያ

ኅዳር 15፣ ሰኞ
እርማት ላይ ነኝ፣ ማስታወሻዬ። የቴክኒክ ጽሑፍ ተማሪዎቼ ሥራቸውን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ያኖራሉ፤ ረቂቁ፣ የእኔ አስተያየት፣ የመጨረሻው፣ ሁሉም በየገጻቸው። ዛሬ መብራት አለ፣ ተመስገን። የዘይነባ የሩዝ መውቂያ ማሽን መመሪያ ከሁሉም በለጠ። አጭር። ጥርት ያለ። ከፍተኛውን ውጤት ሰጠኋት። ማሽኑ የአባቷ የጋሽ ሰይድ ነው፤ ከሱቃቸው ጎን ለገበሬ ያከራዩታል። መመሪያውን በስልክ ለሙሉቀን ልከውለታል፤ ዘንድሮ ማሽኑን ማሠራት ለጀመረው። ደስ አለኝ! ለውጤት ብቻ ያልተጻፈ ጽሑፍ።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት
ዘይነባ ከክ/ጊዜዬ ቀረች። ጓደኛዋን ጠየቅሁ። ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ላይ ማሽኑ የሙሉቀንን እጅ ያዘው አለችኝ። ጣቶቹ ተቆርጠዋል። ጠመኔውን እንደያዝሁ ተቀመጥሁ።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ
ሆስፒታል። እጁ እስከ ክርኑ ተጠቅልሏል። ገለባ ማሽኑ አፍ ላይ ሲወተፍበት ስልኩን አይቷል።
«መምህርት፣ ‹የተወተፈውን ጎትተው ያውጡ› ይላል። ጎተትሁ» አለኝ።
ቁጣ የለበትም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ዘይነባ ጥግ ቆማ፣ ዓይኗ አብጦ፣ ለጠየቃት ሁሉ ጥፋቱ የኔ ነው ትላለች። አባቷ ቀና ብለው አያዩም።

ኅዳር 19፣ ዓርብ፣ ጠዋት
ሞተር ማጥፋትን ያህል ነገር እንዴት ረሳች ብዬ ገጿን ከፈትሁ። አልረሳችም! የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ቁጭ ብሏል፦ «አስቀድመው ሞተሩን ያጥፉ፤ እስኪቆም ይጠብቁ።» ከጎኑ አስተያየት፦ «ይህ የታወቀ ነው። አሳጥሪ፤ ይውጣ።»
ስሜ አለበት። የእኔ።
ደግሜ አነበብሁ። ደገምሁ። ዘይነባ ታውቃለች። ትናንት ሰው ሁሉ ሲወቅሳት ስሜን አልጠራችም።
አስተያየቴን ማጥፋት ይቻላል። አንድ ጊዜ መንካት ነው። ጣቴ ምልክቱ ላይ ደረሰ... ደነገጥሁ፤ በራሴ። ስልኩን ጣልሁት።
አላጠፋሁትም። ለዘይነባ ደውዬ መስመሩ አሁኑኑ ይመለስ አልኋት። መለሰችው። ሁለታችንም አለቀስን።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ
ሱቅ ሄጄ አስተያየቴን ለጋሽ ሰይድ አሳየኋቸው። ስልኩን ተቀብለው ደጋግመው አነበቡት። ከዚያ፦ «ልጄን ሁለት ቀን አላናገርኋትም» አሉ። ሱቁን ዘጉ፤ ለሙሉቀን አብረን እንንገረው አሉኝ።
ሰኞ ያንን ረቂቅ ለክፍሉ አሳያለሁ፤ ስሜን ሳልሸፍን። ከእንግዲህ መመሪያ ማሽኑ አጠገብ ሳይሞከር ውጤት የለም። ቆርጫለሁ።
ባጃጁ መጥቷል። ለሙሉቀን ምን ብዬ ልጀምር? «ሞተሩን አጥፋ የሚለውን ያስወጣሁት እኔ ነኝ።»