ክንዴና ጾሜ

ሰኞ
ዛሬም አልተከተብኩም። ጣሊያኑ ሐኪም በአስተርጓሚው በኩል ቁርጡን ነገረኝ፤ ያልተከተበ ተማሪ የፈንጣጣ በሽተኛ አይነካም፤ እስከ እሑድ ካልተከተብኩ ወደ ወሎ እመለሳለሁ። ሌሎቹ የሐኪም ረዳትነት ተማሪዎች ጨርሰዋል። ረመዳን ነው እኮ! ክንዴ ተጭሮ መድኃኒት ሲገባበት ጾሜ ይፈርሳል? ማታ ይሁንልኝ ብል፣ መድኃኒቱ የሚከፈተው ቀን ብቻ ነው አሉ። ከተማሪዎቹ እስላም እኔ ብቻ፤ ደብረ ማርቆስ ላይ የማውቀው ሼህ የለም። ከከተማ መውጫ ፈቃድም ከለከሉኝ። ይጁቤ ለሚኖሩት፣ ለማውቃቸው ለሼህ ይማም በጨው ነጋዴው በአብዱ ቃል ላክሁላቸው።

ረቡዕ
አብዱ ተመለሰ። ሼሁ ተቆጥተዋል። "ሰይድ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ እንዳይገባ፤ የሚጠብቀው አላህ ነው" ብለዋል። ሁለት እህቶቼን የወሰደውን በሽታ ልማር ብዬ ነበር ዓባይን የተሻገርኩት። ግን የሼህ ቃል እንዴት ይታለፋል?
ብቻዬን አፈጠርኩ። ክርስቲያኖቹ ተማሪዎች የኔን ሥጋ አይበሉ፣ እኔ የነሱን። ማንም ማንንም አልበደለም። ብቻዬን ማኘክ ግን ሰለቸኝ።

ዓርብ
ልብሴን ጠቅልያለሁ። አንዲት በሽተኛ ውሃ ለመነችኝ። ክፍሏ እንዳልገባ ተከልክያለሁ፤ ደፍ ላይ ቆሜ ከጎኔ የሚተኛውን ተማሪ፣ የመርጡለ ማርያሙን ተሰማን ጠራሁላት። አፈርኩ።

ቅዳሜ
ሼህ ይማም ለገበያ መጡ! ሰላምታ ሳንጨርስ አንገቴን ዳበሱኝ።
"ክታቡን አሰርከው እንዴ?"
"የምን ክታብ?"
"አብዱ የነገረኝ ነዋ! ጣሊያን ለፈንጣጣ ክታብ ሊያስርልህ ነው አለኝ።"
አይ አብዱ! ክትባት ብዬ ብልከው ክታብ ብሎ አደረሰው። ሳስረዳቸው ሳቁና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ክንዳቸው ላይ ያረጀ ጠባሳ አለ።
"እኔስ በልጅነቴ ተከትቤ የለ? ምግብ አይደል፣ መጠጥ አይደል፣ ምን ያፈርሳል? ሂድ ልጄ። ካመመህ ግን አፍጥር፤ ኋላ ያጎደልከውን ቀን ጾመህ ቀዳ ታወጣለህ።"
እዚያው ገበያ መሀል አለቀስኩ። ከዚያ ሮጥኩ። ሐኪሙ ሊዘጋ ሲል ደረስኩበትና ተከተብኩ።

ዓርብ፣ ከተከተብኩ ሳምንት ሊሞላኝ
ክንዴ አብጧል። ሐኪሙ አይቶ "ክትባቱ ይዟል" አለ፤ ከተሻለኝ ሰኞ ከበሽተኞቹ ጋር እገባለሁ። ጠዋት ደህና ስለነበርኩ ጾምኩ፤ ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ ጣለኝ። ሊመሽ ሲል ማፍጠሪያዬ ደረሰ አልደረሰ ለማየት መነሳት እንኳ አቃተኝ። ተሰማ ከበር ጠራኝ።
"ሰይድ፣ ጀንበር ጠልቃለች፤ በል ቅመስ።"
"ደህና አድርገህ አየሃት?"
እያጉረመረመ ወጣ። ተመልሶም "ጠልቃለች አልኩህ እኮ!" አለኝ።
ውሃዬን አቀበለኝ። ከዚያ ይሄዳል ስል አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ በልቼ እስክጨርስ ጠበቀኝ።