ከጸጉር ቤቱ በላይ ያሉት ክፍሎች

ሩቅ ሆነሽም ለማትርቂኝ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለሜ ይድረስ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣቱን እሺ አለሽ? ያ የደም ግፊትሽ አደብ ገዛ? መድኃኒቱን በሰዓቱ እየወሰድሽ ነው ወይስ እንደ ልማድሽ «ዛሬ ደህና ነኝ» እያልሽ ትዘያለሽ? ባልሽን ሳሉ ለቀቀው? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልሆንኩም። ወገቤን ትንሽ ይይዘኛል፤ ዕድሜውን ሙሉ ቆሞ የኖረ ሰው ወገብ ነውና አልቀየመውም።

«ቤቱን እንሽጠው፣ ገዢ ተገኝቷል፣ አንተም ጠቅልለህ እኔ ጋ ና» ብለሽ ከጻፍሽልኝ ቆየ። መልሱን ያዘገየሁት ንቄሽ አይደለም። ቤቱ የሁለታችን ነው፤ ያለ አንቺ እሺታ አንዲት ሚስማር አልነቅልም፤ አንቺም ያለ እኔ እንደማትሸጪው አውቃለሁ። «የከንቲባው ምርጫ ይለፍና እነግርሻለሁ» ያልኩሽ ተወዳዳሪዎቹ ለዚህ መሐል ከተማ ምን እንዳሰቡ ልስማ ብዬ ነበር። ይኸው ምርጫው አለፈ፤ እኔም ቁጭ ብዬ እጽፍልሻለሁ።

አደባባዩን ዛሬ ብታዪው አታውቂውም። ጨርቃ ጨርቅ ቤቱ ተዘግቷል። ፎቶ ቤቱም ተዘግቶ፣ መስኮቱ ላይ የተሰቀሉትን ሙሽሮች ፀሐይ ልጧቸው የማን ልጆች እንደሆኑ እንኳ አይለዩም። ሰው ሁሉ ከተማው ዳር ወደ ተሠራው ትልቅ የገበያ ሕንፃ ይነጉዳል። ከጎኔ የቀረው ሰዓት ሠሪው ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ቃል ከአፉ የሚወጣው በወረንጦ ነው። ጸጉር አስተካካይ የሚያወራው ሰው ሲያጣ ምን ይሆናል? እኔ ሬድዮኑን እሰድባለሁ። አንዳንድ ቀን እስከ ምሳ ድረስ ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሲጠፋ እኔው እቀመጥበትና መስታወቱን አያለሁ። አትሳቂ!

ተወዳዳሪዎቹ ሦስት ነበሩ። አንደኛው ባለ ነዳጅ ማደያው ነው። መጥቶ ወንበሬ ላይ ተንሰራፋና «አባባ፣ የመሐል ከተማው በሽታ የመኪና ማቆሚያ ማጣት ነው» አለኝ። የድሮውን ሲኒማ ቤት አፍርሶ መኪና ማቆሚያ ሊያደርገው ነው። «ሰው መኪናውን ካቆመ በኋላ ወዴት ይሄዳል?» ብዬ ብጠይቀው «ወደ እናንተ ነዋ!» አለ። አንገቱ ላይ የቀረውን ጸጉር አራግፌ ሸኘሁት።

ሁለተኛው ጠበቃው ነው። እሱ ደግሞ መንገዱን ለእግረኛ ብቻ አደርጋለሁ፣ መብራትና አግዳሚ ወንበር አስገባለሁ፣ አበባ እተክላለሁ ይላል። አሳቡ አያስጠላም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ካሜራ የያዙ ልጆች አስከትሎ ስለ ደማቁ መሐል ከተማ ፊልም ሊያነሳ መጣ። ግን የሚነሳ ሰው ከየት ይምጣ? ምን አደረጉ መሰለሽ፤ ደጋፊዎቻቸውን በአውቶቡስ ጭነው አምጥተው አደባባዩ ላይ አራገፏቸው! «አንተ እዚህ ቁጭ በል፣ አንቺ የሱቁን መስኮት እያየሽ እለፊ» ይላሉ። የእኔም ቤት ጢም ብሎ ሞላ። አንዱ ስለ ኳስ ይከራከራል፣ አንዱ ከት ብሎ ይስቃል፣ ሌላው «ተራዬ ነው» ይላል። ውሸት መሆኑን እያወቅሁ፣ እታለሜ፣ ጮቤ ረገጥኩ። «ለፊልሙ ነው፣ መቀሱን ዝም ብለህ አንቀሳቅስ» ቢሉኝም ከምሬ አስተካከልኳቸው። ከዚያ አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋና ሁሉም ውልቅ አሉ፤ አንደኛውማ ግማሽ ብቻ የተላጨ አገጩን ይዞ ነው የሮጠው። ወለሉ ላይ የቀረውን ጸጉር ሳልጠርግ እስከ ማግስቱ ተውኩት።

ሦስተኛዋ አስተማሪዋ ናት። ሦስቱ ፊት ለፊት የሚከራከሩበት ስብሰባ የት ተጠራ ብትዪ፣ ጉድ ነው፣ ስለ መሐል ከተማ ሊነጋገሩ እዚያው ከተማው ዳር ካለው የገበያ ሕንፃ ውስጥ! ወንበሩ ምቹ ነው ተባለ። እኔና ሰዓት ሠሪው በአውቶቡስ ሄድን። አስተማሪዋ ተነሥታ፣ ሱቅ ብቻውን መንገድ አያደምቅም፣ ሲመሽ ቆልፎ ይሄዳል፤ የሚያደምቀው እዚያው የሚያድር፣ ጠዋት ዳቦ ሊገዛ የሚወርድ ሰው ነው አለች። ቀጥላም «ከሱቃችሁ በላይ ባዶ ክፍል ያላችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ» አለች። እኔ እጄን ከኪሴ አላወጣሁም። ሰዓት ሠሪው በጎን አየት አደረገኝ።

ያን ዕለት ስመለስ ወደ ላይ ወጣሁ። አንቺ ካገባሽ፣ እናታችንም ካረፈች ወዲህ ሁለቱን ክፍሎች የምከፍታቸው አቧራ ለማራገፍ ብቻ ነው፤ እኔ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጓዳ ነው የምተኛው። አልጋሽ ላይ ቁጭ አልኩና ሆድ ባሰኝ። እስከ ዛሬ በደብዳቤ ስቀልድልሽ ኖርኩ እንጂ ብቻዬን መሆኑ ከብዶኛል። ቢሆንም እዚያ ብመጣ እናንተ ሥራ ስትውሉ መስኮት ዳር ተቀምጦ የሚጠብቃችሁ እንግዳ ነው የምሆነው። በክፉ አትውሰጂብኝ፤ እዚህ ቢያንስ መቀስ እይዛለሁ።

ምርጫውን ባለ ነዳጅ ማደያው አሸነፈ። አስተማሪዋ መጨረሻ ወጣች። ድምፄን ለእሷ ነበር የሰጠሁት፤ በንዴት ሬድዮኑን አጠፋሁት። በኋላ ሳስበው ግን፣ ክፍል ለማከራየት የማን ፈቃድ ነው የሚያስፈልገኝ፣ የከንቲባው ወይስ የእህቴ?

ሰዓት ሠሪው አንዲት ዳቦ ቤት የምትሠራ ሴት ላከልኝ። የምትኖርበት ቤት ሊፈርስ ስለሆነ ከእናቷና ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር ማረፊያ ትፈልጋለች። ክፍሎቹን ዞር ዞር ብላ አየች፣ ወደደቻቸው። እኔ የጠየቅኋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቤት ውስጥ ብዙ ትንቀሳቀሳላችሁ?» አልኳት። ክው አለች። «ኧረ በፍጹም አባባ! ልጆቼ ጨዋ ናቸው፣ እቤት በካልሲ ነው የሚሄዱት፣ መኖራችንንም እርስዎ አያውቁም» አለችኝ። «የለም ልጄ፣ ጫማ አድርጉ» አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ፤ እኔም ለማስረዳት አፈርኩ። ለአንቺ ግን አላፍርም። ከላይ ሰው ሲራመድ መስማት እፈልጋለሁ፣ እታለሜ። እንዳትሸጪብኝ። መልስሽን ሳልሰማ ቁልፉን አልሰጣትም፤ «እህቴን ልጠይቅ» ብያት እየጠበቀችኝ ነው።

ለባልሽ ወንድማዊ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ሳሉን ችላ አይበል። ትልቋን ልጅሽን ሳሚልኝ፤ ትንሹን ደግሞ ጸጉሩን ማንም አያበላሽብኝ በዪልኝ። የአማትሽን ጉልበት ሳሚልኝ። ሰዓት ሠሪውም ሰላም ብሎሻል፤ ማለቴ፣ ስምሽን ስጠራ ራሱን ነቀነቀ።

ናፋቂሽ ታናሽ ወንድምሽ
ከድሮው አደባባይ፣ ከጸጉር ቤቱ
ምርጫው ባለፈ በሳምንቱ፣ ሰኞ ጠዋት