የዘንድሮው ቅርጫት ኳሳችን

መጋቢት 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለእትዬ አመተሥላሴ፦ ብዛቱ የጓሳን ሣር የሚያህል ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ።

የኮሌጃችን የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ዘንድሮ ሁለተኛ ወጣ። እኔ ከጥር ወዲህ ነጥብ መዝጋቢ ነኝ፤ ለካ ጨዋታው ተቀምጠው ሲያዩት ነው የሚገባው! ማሊያዬን ለጓደኛዬ ለታዲዮስ ሰጡት፤ ሲዘል መሬት የሚነካ አይመስልም። እግሬን የሚያየው ሐኪምም የመርሐቤቴ ሰው ነው፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ስንገናኝ ስለ አገር ያጫውተኛል።

ለፋሲካ እመጣለሁ። ዕቃዬ አንዲት ቦርሳ ብቻ ናት፤ ቢሆንም በቅሎዋን ይዘሽ ሞላሌ አውቶቡሱ የሚቆምበት ጠብቂኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስንደርስ ወርጄ እሳለማለሁ፤ ከዚያ እስከ ቤት በእግሬ እገባለሁ።

የደብራችን ታቦት ይጠብቃችሁ። እማዬን ሳሚልኝ፤ ስለ በቅሎዋ ከጠየቀችሽ ግን፣ ለዕቃው ነው በያት።

ወንድምሽ ቃለአብ