የ«ደመኛ» አልበም ምርቃት

ደማም፣ አል ሻጢእ
ሐሙስ፣ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለምፈራሽ እናቴ፣ ለወይዘሮ አሳየች፤

ስለ ጤናሽ አልጠይቅም። ቅዳሜ ዕለት ድምፅሽን ሰምቼዋለሁ፤ ከእኔ ትጠነክሪያለሽ። እኛ እዚህ በብርዱም በአየሩም ደኅና ነን፤ የቀረውን ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ።

ይህን የሚያነቡልሽ ነፍስ አባትሽ አባ ወልደየስ ናቸው። ገጾቹን ፎቶ አንሥቼ በቴሌግራም ልኬላቸዋለሁ። እኔ ስደውል አንዴ ኔትወርክ ተቆራረጠ፣ አንዴ በጉ በረት ጥሶ ወጣ እያልሽ ትዘጊብኛለሽ፤ አባን ግን አትዘጊያቸውም። አባ፣ ይባርኩኝ። ለእናቴ አዝነው አንድም መስመር እንዳይዘሉ አደራ።

ነገሩ ይህ ነው፦ ወንድዬ የሸዋንግዛውን ልጅ አግኝቶታል። አልገደለውም። ገና አልገደለውም ብል ይሻላል።

ከሥሩ ልጀምር፤ አባም ሙሉውን ይስሙት። እኔና ወንድሜ «ኸላስ» የሚባል ባንድ አለን። ኸላስ በዚህ አገር አበቃ፣ አለቀ ማለት ነው፤ ገና ሳይጀምር ማለቁን ያወጀ ባንድ ከእኛ በፊት መኖሩን አላነበብኩም። ወንድዬ ይዘፍናል። እኔ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ፤ ይኸውም ሰው የማይሰማው፣ ሲቆም ብቻ አንድ ነገር ጎደለ የሚያሰኘው መሣሪያ ነው። ኢታና የሚባል የነቀምት ልጅ ከበሮውን ይመታል። መሪ ጊታሩን የያዘችው ነኢማ ናት፤ እኔ የመተንፈሻ መሣሪያ በምጠግንበት ሆስፒታል ነርስ ናት፤ ቀን ሰው ትሰፋለች፣ አርብ አርብ በጊታሯ ትቀድዳለች።

የመጀመሪያው አልበማችን «ማፊ ሙሽኪላ» ነበር። ችግር የለም ማለት ነው፤ እዚህ ሰው ይህን የሚለው ችግር ሲገጥመው ብቻ ነው። ስለ ማዳም፣ ካፊል ስለሚባለው አሠሪና ዋሳችን፣ ስለ ሙቀቱ በፈጣን ምት ቀለድን፤ አገር ቤት ሚኒባሱም፣ ሠርጉም፣ ጸጉር ቤቱም ተቀበለው። አንቺም «ያ የኔ ልጅ ነው» እያልሽ በገበያ መኩራትሽን ሰምቻለሁ። ሕዝቡም ሁለተኛ «ማፊ ሙሽኪላ» ሠርተን እንድናመጣለት ይጠብቅ ጀመር።

በምትኩ ያንቺ ድምፅ መጣ።

አባ፣ ይህን በንስሐ ላይ አልነገረችዎት ይሆናል። እናቴ የአባቴን ደም የነካውን ጋቢ ሳታጥብ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣለች። ገዳዩ ሸዋንግዛው እስር ቤት ውስጥ በሳንባ በሽታ ሲሞት «እግዜር ቀደመኝ» ብላ ሳምንት አልቅሳለች። ወንድዬን ወደ እኔ የላከችው ከደም እንዲርቅ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን በየሳምንቱ ሙሾ እየቀዳች በስልክ ትልክለታለች፦

ወንድ ልጅ ወለድኩኝ ብዬ ደስ ሲለኝ፣
ከአባቱ ገዳይ ዘር በላ ጠጣ አሉኝ።

አፈሩ አልጠጣውም ያባትህን ደም፣
እንደ ኩሬ ቋጥሮ ይዞታል እስካሁንም።

ወንድዬ ይህን ይዞ ወደ መለማመጃችን መጣ። የምንለማመደው በደማም የመጀመሪያ ኢንዱስትሪ ከተማ፣ እሱ ብረት በሚበይድበት ወርክሾፕ ጀርባ ባለ መጋዘን ነው። ስልኩን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኝቶ ለቀቀው። ድምፅሽ በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ አስተጋባ።

«እናትህ ከእኔ የተሻለ ምት አላቸው» አለ ኢታና።

«ወላሂ፣ ይሄ ዘፈን አይደለም፤ ክስ ነው» አለች ነኢማ። ይህን ብላ ግን ክሮቹን አላልታ የጊታሯን ቅኝት አወረደችው፤ ከጉድጓድ የሚወጣ ድምፅ ሰጠ።

«ደመኛ» የሚባለው ሁለተኛ አልበም እንዲህ ተወለደ። ግጥም አሳየች፣ ዜማ አሳየች። በከበሮው ላይ መዶሻና የብረት ሰሌዳ ጨመርን። ወንድዬ ሲዘፍን ግንባሩን ከግድግዳው ጋር ያጋጨው ነበር፤ ግድግዳው ከምቱ ጋር ስለገጠመ አልከለከልነውም። አንድ ቀን ኢታና ምት ሳተ ብሎ የብረት ቱቦ ወረወረበት፤ ቱቦው ጆሮውን ስቶ ከበሮውን ቀደደ። ድምፁ ግሩም ሆኖ ስለተገኘ አልሰረዝነውም፤ አራተኛው ዘፈን ላይ ይሰማል። የሚያስፈራው ምን እንደሆነ ልንገርሽ? አልበሙ ጥሩ ነው። ከመጀመሪያው በእጥፍ ይበልጣል።

ባለፈው አርብ ከሰዓት ከኹበር ወጣ ብሎ ለድግስ በሚከራይ እስትራሃ፣ በአጥር ግቢ፣ አልበሙን አስመረቅን። ግቢው ሞላ። ግማሹ ሰው «ማፊ ሙሽኪላ» የሚል ካናቴራ ለብሶ ሊጨፍር የመጣ ነው፤ በመጀመሪያው ዘፈን ፊቱ እንደ ቀዘቀዘ ሽሮ ቆረፈደ። ወንድዬ ይህን ሲያይ ጊታሩን አስቁሞ ብቻውን ቀረርቶ አወጣ።

እማዬ፣ ሥርዓቱን ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። ቀረርቶ ሲወጣ ደሙ የፈላ ወንድ ይነሣል፤ ይፎክራል፤ የአባቱን ግዳይ ይጠራል። እኛ አገር ግን ከዚያ በፊት አሳላፊው ዳሱን ዞር ዞር ብሎ ያያል፤ ማን ከማን ደም እንዳለው ያውቃል፤ ደመኛን ከደመኛ ጋር አያስቀምጥም። እዚህ አሳላፊ አልነበረንም። ሰው የጠራነው በቲክቶክ ነው።

ከኋላ አንድ ቀጭን ልጅ ወንበር ገፍቶ ወጣ። ደረቱ ላይ «ማፊ ሙሽኪላ» ተጽፏል። ጠብ ፍለጋ አልነበረም፤ ዘፋኙን ሊያከብር ነበር የወጣው። የጥብስ ቢላዋ ወደ ሰማይ አንሥቶ፣

«ዘራፍ! ዘራፍ የሸዋንግዛው ልጅ! ጀማ ዳር ከፈለኝን እንደ ግንድ የጣለ! ዘራፍ!» አለ።

ሕዝቡ አጨበጨበ። ነኢማ ዞራ እኔን አየችኝ። የአባታችን ስም ከፈለኝ መሆኑን የምታውቀው ከዘፈኑ ነው።

ወንድዬ ከመድረኩ ሲዘል የማይክ መቆሚያውን ብረት ይዞ ነበር። የመጀመሪያው ምት የልጁን መንጋጋ አገኘው፤ ጥርሶቹ ለእንግዳ በቀረበው ሩዝ ላይ ተበተኑ። ሁለተኛው ጎኑን፤ አጥንቱ ሲሰበር በማይኩ ተሰማ፣ ማይኩ አልተነቀለም ነበርና። ሦስተኛው ጭንቅላቱን ስቶ ሲሚንቶውን ሲመታ ብረቱ ጎበጠ። ያን ጊዜ ወንድዬ ብረቱን ጥሎ በጡጫ ቀጠለ። ሕዝቡ የትርኢቱ አካል መስሎት ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርፃል፤ «ድገም!» ያለም አለ። ኢታና ከኋላ አንቆ ሲያስለቅቀው ልጁ በራሱ ደም ይታነቅ ነበር። ነኢማ ጊታሯን ከአንገቷ ሳታወርድ ተንበርክካ ጣቷን ጉሮሮው ውስጥ ሰደደች፤ ጥርስ አወጣች።

አዲስ አበባ ያለው አሳታሚያችን ቪዲዮውን አይቶ «ይሄን የሚያህል ማስታወቂያ የለም፣ አልበሙን ነገ እንልቀቀው» አለኝ። የሥነ ጥበብ ሰው ነው።

የልጁ ስም አንተነህ ነው። ካፊሉ ጠፍቶብኛል ብሎ ስላስመዘገበው ሁሩብ ነው፤ ወረቀት የለውም። ሆስፒታል ብንወስደው ፖሊስ ይጠራል፤ እሱም ወንድዬም ይታሰራሉ። አል ኹበር አል-ጀኑቢያ በሚባለው ሰፈር አብረውት የሚኖሩትም ፈርተው በር አልከፈቱልንም። ስለዚህ እኔ ቤት ተኝቷል። አዎ፣ የሸዋንግዛው ልጅ በእኔ አልጋ ላይ ነው። ነኢማ ሰፍታዋለች፤ በማንኪያ አጥሚት አጠጣዋለሁ።

ቅዳሜ ወንድዬን ወርክሾፑ ድረስ ሄጄ ስገሥጸው፣ ወሬው ደርሶሽ አንቺ ደወልሽ። እጁ አብጦ ስልኩን መያዝ ስላቃተው ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገው። እንዲህ አልሽ፦ «እጅህን ይባርከው። ግን ምነው ተረፈ? የቆሰለ ጅብ ለቆ የሚተኛ ልጅ አልወለድኩም።»

አባ፣ ይቺን ደግመው ያንብቡላት።

እሱ ከዚያ ወዲያ እህል አልቀመሰም። ማክሰኞ በምሳ ሰዓት በሬን አንኳኳ። ስከፍት የበግ ማረጃ ቢላዋ ይዟል።

«ጋሼ፣ ዞር በል።»

«ጫማህን አውልቅ» አልኩት፤ ሌላ የምለው አልመጣልኝም።

«ጋሼ፣ በእናታችን ዞር በል!»

«በእናታችን ነው የቆምኩት።»

ገፋኝ። ወደ መኝታ ቤቱ ሲያልፍ ቢላዋውን በግራ እጄ ያዝኩት፤ በእጀታው በኩል አልነበረም። እሱ ሳበ፣ እኔም አልለቀቅሁም። ሁለት ጣቶቼ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ጊታር ክር ጧ ብሎ ሲበጠስ ሰማሁት። ደሙ በግድግዳው፣ በሸሚዙ፣ በፊቱ ላይ ተረጨ። ቢላዋው ከእጁ ወደቀ።

«ጋሼ… ደምህ…»

«የአባታችን ነው። ከሌላ አላመጣሁትም።»

ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እንደ ሕፃን ሳይሆን እንደ በሬ አጓራ። እኔ ፎጣ እየጠመጠምኩ ሳለ የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ፤ አንተነህ ግድግዳ ይዞ ወጣ። መንጋጋው የታሰረ ስለሆነ ቃሉ በጥርሱ መሃል ነው የሚወጣው።

«አባቴ ከገደለ ወዲያ አንድም ቀን አልፎከረም» አለ። «እስኪታሰር ድረስ፣ ድግስ ቤት ቀረርቶ ሲሰማ ተነሥቶ ይወጣ ነበር። የፎከርኩት እኔ ነኝ። የሰው መኪና ነጂ ነበርኩ፣ አሁን ሁሩብ ነኝ። በምን ልፎክር? ሌላ አጣሁ።»

 ወደ እኔ ዞረና «ወንድሜ፣ እዚህ አካባቢ ድንጋይ የት ይገኛል?» አለኝ።

ገባኝ፤ አንቺም ገብቶሻል። የገዳይ ወገን ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ በሟች ቤት ደጅ እንደሚወድቅ አንቺ ነሽ ያስተማርሽን። አል ሻጢእ ግን ሁሉ ነገር በንጣፍና በሣር የተሸፈነ ሰፈር ነው፤ ዕርቅ ታስቦ አልተሠራም። ትናንት ወደ ባሕሩ ዳር ሄጄ ማዕበሉን ከሚያግዱት ድንጋዮች አንዱን በአንድ እጄ እየጎተትኩ ስወጣ ዘበኛው ያዘኝ።

«ኤሽ ሃዳ?» አለኝ፤ ምንድን ነው ይሄ ማለቱ ነው።

«ድንጋይ።»

«ለምን?»

«ለይቅርታ።»

ድንጋዩን አየ፣ በፋሻ የተጠቀለለ እጄን አየ፤ ከእኔ ጋር ነገር መጀመር እንደማያዋጣ ወሰነና መንገዱን አሳየኝ።

ወንድዬ ያለው ይህ ነው፣ በቃሉ ልጻፈው፦ «እማዬ ደሙ ደረቀ ካለች ደረቀ። ካላለች፣ ጋሼ ሁለተኛውን እጅህን ይዘህ ቁም።» አይቀልድም። እኔም እቆማለሁ። ይህን ስነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም፤ ከሆስፒታል ሥራ የተማርኩት ነገር ቢኖር መሣሪያው ከመቆሙ በፊት ለቤተሰቡ መናገር እንደሚገባ ነው። ጣቶቼን በተመለከተ አታስቢ። ነኢማ በደንብ ሰፍታቸዋለች፤ ክር መጫን ይችሉ እንደሆነ ስጠይቃት ስለ አየሩ አወራችኝ።

ስለ ደም ብዙ አንብቤያለሁ፤ በየአገሩ ተመሳሳይ ነው። ሞት አያቆመውም፣ ዳኛም አዘግይቶ ነው የሚያቆመው። አንዲት አሮጊት «በቃኝ» ስትል ግን የሚቆምበት አገር የእኛ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባ ቤት ቆዪ። በአባ ስልክ እደውላለሁ፤ በቪዲዮ ነው፣ ፊታችንን ታያለሽ። አንተነህ በሩ ደፍ ላይ ተንበርክኮ ይሆናል። ወንድዬ ከኋላው ይቆማል። ቢላዋውን እኔ ደብቄዋለሁ፤ ብረት የሚበይድ ሰው ቢላዋ እንደማያጣ ግን አውቃለሁ። አንቺ የምትይውን ሦስታችንም እኩል እንሰማለን።

አባ፣ መስቀልዎን ይዘው አጠገቧ ይቀመጡልኝ፤ ቃሉን ግን እሷ ትናገረው እንጂ እርስዎ አያቀብሏት።

እማዬ፣ ጉልበትሽን ስሜአለሁ። ሁለት ወልደሽ ሁለት የምትቆጥሪ ያድርግሽ። ያሳደገሽ አምላክ አንደበትሽን ለእሑድ ያርጥብልሽ። እኛንም መርቂን፤ ምርቃቱ ይበልጥ የሚያስፈልገው ማንኛችንን ነው ብለሽ እንዳትመርጪ፣ አንድ ላይ መርቂን።

ስልኩ ሲጠራ ደግሞ እንደ ልማድሽ ነጠላሽን እስክታስተካክዪ አትቆዪ። ልጁ የጎድን አጥንቱ ተሰብሯል፤ ድንጋዩም ከባድ ነው።

ልጅሽ
ሙሉብርሃን ከፈለኝ