ዓሣ ያለበትን ከሰማይ ለምታዩ

ይድረስ፦ የባሕሩን መረጃ በሳተላይት እያነበበ ለዓሣ አጥማጆች ለሚያሳውቀው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ልጆችዎስ? ሁሉም በየቤታቸው በሰላም አድረው እንደሚነሡ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ቢቸና የምኖር፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማርሁ ሴት ነኝ፤ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ባለፈው ሳምንት ባለሙያዎ በሬዲዮ ሲያስረዱ ሰማሁ። ሳተላይቱ የውኃውን ሙቀትና ቀለም በየቀኑ እያየ፣ ዓሣው ነገ የት እንደሚሰበሰብ አስቀድሞ ይናገራል አሉ። እጅግ ደስ አለኝ። ልጄ እዮብም እዚያው ባሕር ላይ ስለ ነበረ የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ፣ እዮብ በጥር ወር ከጅቡቲ ዳርቻ ወደ የመን በጀልባ ተሳፈረ። ጀልባዋ ሰማንያ ሰው እንደ ጫነች ተገለበጠች። ሰማንያ ሰው ከዓሣ መንጋ ስለሚያንስ ባይታያችሁ አልቀየምም።

፪ኛ፣ አብሮት የሄደው የሞጣው ልጅ አካለ ወልድ ተርፎ ደውሎልኛል። «እትዬ ፈንታዬ፣ እጁን ይዤው ነበር» አለኝ። ቀኑን ስጠይቀው ግን አለቀሰ፤ በረሃው ላይ ቀን መቁጠር ትተው ነበር። እናንተ የየቀኑን ስለምትመዘግቡ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

፫ኛ፣ የንስሐ አባቴ መምሬ ወልደ ኪዳን የአርባውን ፍትሐት ከየትኛው ቀን እንቁጠር ይሉኛል። የሰማሽበትን ቀን ያዢም ብለውኛል። የሰማሁበት ቀን ግን የእኔ ነው፤ የእሱ አይደለም። አስከሬን አልጠይቃችሁም፤ የምለምነው ቀኑን ብቻ ነው፤ ማክሰኞ ይሁን ዓርብ። ለአጥማጅ የነገውን የምትናገሩ ሰዎች ለእናት ያለፈውን ጥር አትነፍጉም።

፬ኛ፣ ይህን ጽፌ ሰረዝሁት።

ለላቀው ጥበባችሁ በአክብሮት እጅ እየነሣሁ፣ መልስ እንደማይመጣ እያወቅሁ ፖስታ ቤት የምመላለስ፣

ፈንታዬ አስናቀው
የእዮብ እናት
ቢቸና

ከፈረምሁ በኋላ ያሰብሁት፦ የጎረቤቴ የወይንእሸት ልጅ ሰሞኑን በዚያው መንገድ ተነሥታለች፤ ብንለምናት አልሰማችንም። በምትሻገርበት ሰሞን፣ ዓሣው በዚያ በኩል በዝቷል ብላችሁ ለአጥማጆቹ ንገሩልን። ውሸት ቢሆንም ግድ የለም። ለሰው ብለው አይመጡም፤ ለዓሣ ከመጡ ግን መረብ ይዘው ነው የሚመጡት።